እንቅልፍ ፍለጋ ወደ ይፋግ

ራሂማ በወረታ ገበያ ዳር ሱቅ ከከፈተች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሱቁ የተዘጋው ለዒድና ለቀብር ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ረፋድ ላይ በሩን ስትቆልፍ ያዩ ጎረቤቶቿ ማን እንደሞተ ሊጠይቋት መጡ። የሞተ ሰው እንደሌለ ነግራ አሰናበተቻቸው። የቀረውን አልነገረቻቸውም፤ የምትሄደው ለመተኛት ነበርና።

ባሏ ሳልህ ዕቃ ሊያመጣ ከሄደ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሁለት ዓመት ልጇ ፈይሩዝ ደግሞ መንጋጋ እያበቀለች ሌሊቱን ከእናቷ ጋር ስትካፈለው ሰንብታለች፤ ለቅሶው የልጅቱ፣ መንቃቱ የእናቲቱ ድርሻ ነበር። በዚያ ሳምንት ራሂማ ስኳር ለጠየቃት ሰው ገመድ መዝና ሰጥታለች። ይፋግ የሚኖሩት እናቷ ወይዘሮ አሪፋ ይህ ሲደርሳቸው፣ ልጅቱን ይዛላቸው እንድትመጣና እሷ እንድትተኛ ላኩባት። ወደ ወረታ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ይፋግን የሚያልፈው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከቀትር አስቀድማ ከደረሰች ሦስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ታገኛለች። ከዚህ በላይ ከዱንያ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ፈይሩዝ ያደገችው ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ነው። መኪና ሲያልፍ አይታለች እንጂ ተሳፍራ አታውቅም። የምታውቀው ዓለም አንድ በር ብቻ ነበረው፤ በዚያ በር ሰው ብቅ ይላል፣ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ይሰጠዋል። አፏንም የፈታችው በንግድ ነው። ከ«እማ» ቀጥሎ አጥርታ የምትናገረው «የለም» እና «ነገ ይመጣል» ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አይነሳም። እናትና ልጅ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከጎናቸው እታለም የምትባል ሸክላ ሠሪ ድስቶቿን በገለባ ጠቅልላ ወደ አዲስ ዘመን ልትወስድ ተሳፍራለች፤ ራሂማም ለምን እንደምትሄድ ለእሷ ብቻ ነገረቻት። ገበያው የሚባለው ረዳት ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ሃያ ዓመት በሚኒባስ በር ላይ ሲቆም «የለም» ብሎ አያውቅም፤ አራት ሰው በታጨቀበት ወንበር ላይ አምስተኛውን ሲጋብዝ እንኳ ድምፁ አይለወጥም።

ገበያው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጭነት ሲያስር፣ አያልነህ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ሩዝ አምራች አንገታቸውን በበሩ አስገብተው ቦታ አለ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«የለም» አለች ፈይሩዝ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። እሷም እናቷ ባዶ እጁን ለሚመለስ ደንበኛ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ነገ ይመጣል» ስትል አጽናናቻቸው። አያልነህ በዕድሜያቸው ሙሉ ከሚኒባስ በር «የለም» ሲባል ሰምተው ስለማያውቁ እውነት መሆን አለበት ብለው አመኑና ሄደው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቀጥለው የመጡ ሁለት ሰዎችም በዚሁ አኳኋን ተሸኙ። ገበያው ከጣሪያ ሲወርድ መኪናው ውስጥ ትቶት ከወጣው ሰው ላይ አንድ እንኳ አልተጨመረም።

እታለም ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ደንበኞቹን እየመለሰች ያለችው ማን እንደሆነች አሳየችው። ራሂማ ማፈር ነበረባት፤ ለማፈር ግን ጉልበት ያስፈልጋል። እሷ የምታስበው የመጀመሪያው የእንቅልፍ ሰዓቷ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ እየተበላ መሆኑን ነበር።

ገበያው ተንበርክኮ ነጋዴ ለነጋዴ በሚያወራበት ቁም ነገር፣ «እመቤቴ፣ እዚህ ሱቅ ‹የለም› አይባልም። ‹አለ፣ ግባ› ነው የሚባለው» አላት።

ልጅቱ ፍርድ ፍለጋ ወደ እናቷ ዞረች። ራሂማ ለደንበኛ መዋሸት ነውር መሆኑን ስምንት ዓመት ሙሉ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«አለ በይ፣ ልጄ» አለቻት።

በወረታ መንገድ ላይ ሕፃን የእናቱ ብቻ ሆኖ አይጓዝም፤ ማንም ባለ ጭን ይካፈለዋል። እታለም ልጅቱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አቆመቻት፤ ፈይሩዝም ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ግባ ትል ጀመር። አያልነህ ተመልሰው፣ ቅድም የለም ተብለው እንደነበር ሲያመለክቱ፣ እታለም «አሁን ዕቃ ገብቶላት ነው፣ አባቴ» አለቻቸው። መኪናው በሩብ ሰዓት ሞላ።

ራሂማ ከተማው ሳያልቅ፣ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ገና ብቅ ሳይል፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣለች።

ይፋግ ሲደርሱ ገበያው «ወራጅ!» እያለ ቢጣራ የሚሰማው አጣ። ትከሻዋን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ እታለም ያዘችውና ምሥጢሩን ነገረችው። ተሳፋሪው በሹክሹክታ ተከራከረ። በመጨረሻ አያልነህ በሽማግሌ ወግ ፈረዱ፦ «የተኛችን ሴት ቀስቅሶ ‹ሂጂና ተኚ› ማለት ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ፤ ገበያውም ስንመለስ እናወርዳታለን ብሎ በሩን እንደ ዕንቁላል በቀስታ ዘጋው። አዲስ ዘመን ላይ እታለም ድስቶቿን አወረደች፤ ልጅቱን ለገበያው አስረከበች። ሁለቱ በሩ ላይ ሆነው ለመልስ ጉዞው ሰው ጠሩ። ራሂማ ይህን ሁሉ ተኝታ አሳለፈችው።

የነቃችው ይፋግ ሲባል ነው። እታለም የለችም፤ ወንበሩ ሁሉ በማታውቃቸው ሰዎች ተሞልቷል፤ ፀሐይዋ ወደ ሌላው መስኮት ዞራለች፤ ልጇ በገበያው ክንድ ላይ ሆና ተሳፋሪ ትጋብዛለች። ደንግጣ ደረስን ወይ ስትል ጠየቀች።

«ደርሰሻል» አላት ገበያው፤ «አንድ ጊዜማ አልፈሽው ነበር።»

ወይዘሮ አሪፋ ከቀትር ጀምረው በቤታቸውና በመንገድ ዳር መካከል ሲመላለሱ ስለነበር ቁጣቸው በሚገባ በስሏል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተጋርዷል። ራሂማ እናቷን ላለማስቀየም ተጋደመች፤ ዓይኗ ግን አልከደን አለ። ወይዘሮ አሪፋ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ልጄ ተኝታለች እያሉ በሹክሹክታ ሲመልሱ፣ ከሥራቸው ፈይሩዝ «አለ፣ ግባ» እያለች ቤቱን ሞላችው። ራሂማ ተነስታ ከጎረቤቶቹ ጋር ስታወራ ቆየችና በመጨረሻው መኪና ተመለሰች።

ፈይሩዝ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ታሪኩ ሲነሳ ውሸት ነው ትላለች። ራሂማ ድካም ሲበረታባት እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ ተናግራ ሱቁን ትዘጋለች። መስኮት ዳር ትቀመጥና ሒሳቡን ለአዲስ ዘመን ደርሶ መልስ ትከፍላለች። ወይዘሮ አሪፋም በየጊዜው አልጋውን ያነጥፋሉ፤ ልጃቸው እንዲህ ዓይኗ ፈክቶ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ግን አልገባቸውም።