በውሃ መውረጃ ቀዳዳ የታሰረው ኒካህ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰው ሁሉ ለኔ ቦታ ሊለቅ እግሩን ይሰበስባል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ላብ፣ ሻጋታና በረኪና። «ግቡ አባት፣ ከግድግዳው በኩል ይሻላል» አለኝ አንድ ልጅ። ደሴ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከመስጊድ ስወጣ ያዙኝና ስብሰባ ላይ ታይተሃል አሉኝ። ነበርኩ፤ አልዋሸሁም።

ቦታ የለቀቀልኝ ልጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እጮኛ አለችው። የእጮኛው አባት ደግሞ ከኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ታስረዋል፤ ሀጂ እንላቸዋለን። ልጁ ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ በኋላ ሊጠይቃቸው ቤታቸው በሄደበት ነው ሁለቱም የተያዙት። ልጅቷ በየሳምንቱ ምግብ ይዛ ትመጣለች። አባቷን በሽቦው ማዶ ታያለች፤ እሱን ግን አያሳዩዋትም።

«ምንሽ ነው?» ይላታል በሩ ላይ ያለው ፖሊስ።

«እጮኛዬ።»

«እጮኛ ቤተሰብ አይደለም። ሚስት ስትሆኚ ነይ።»

እሷም ከልቡ መስሏት ሚስት ልትሆን ወደ መንግሥት ቢሮ ሄደች። «ሁለታችሁም በአካል ቅረቡ፤ መታወቂያና ፎቶ ይዛችሁ፣ ምስክሮቻችሁን አስከትላችሁ» አሏት። ታስሯል ብትላቸው «ሲፈታ ኑ» አሏት። ይሄን ለአባቷ ነገረች፤ ሀጂ ደግሞ በቀዳዳው ለኛ ነገሩን።

ቀዳዳው ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ከክፍል ወደ ክፍል እንዲወርድ በግድግዳው ግርጌ የተተወ ነው። እጅ አያስገባም። በሆዳችን ተኝተን ነው የምንነጋገርበት።

አንድ ቀን ልጁን «ነገ ወደ ሌላ እስር ቤት ትሄዳለህ» አሉት። የት እንደሆነ አልነገሩትም። ከዚያ የወጣን ሰው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እናትም አባትም የለውም። የት ገባ የሚልለት ሰው እንዲኖር ሚስት ያስፈልገው ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

በሆዱ ተኝቶ «ሀጂ፣ ልጅዎን ይዳሩኝ» አለ።

ከወዲያ የሀጂ ትንፋሽ ይሰማል፤ አስም አለባቸው።

«ቢሮው ወረቀት እንደማይሰጥህ ታውቃለህ» አሉት።

«ኒካህ የቢሮ ወረቀት ይፈልጋል እንዴ?»

«አይፈልግም። የልጅቷን ፈቃድ፣ አባቷን፣ መህርና ሁለት ምስክር ነው የሚፈልገው። ፈቃዷን ሰጥታኛለች፤ ‹ወክዬዎታለሁ አባባ› ብላኛለች። ምስክሮቹ ግን ያንተንም የኔንም ቃል በጆሯቸው ይስሙ። በግምት አይሆንም።»

በሳቸው ክፍል አንድ ምስክር ተገኘ። በኛ በኩል እኔ ሆንኩ። ከኛ ጋር አንድ ክርስቲያን ሹፌር ነበር፤ ቀልደኛ ነው።

«እኔም ልመስክር» አለ።

«አንተ አትሆንም፣ የኛ እምነት ሰው ነው የሚፈለገው» አልኩት።

«እንግዲያው ሚዜ ነኝ። ይሄን እንኳ አትከለክሉኝም!» ብሎ ሄደና በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት በጀርባው ከደናት። «ቶሎ በሉ፣ ሙሽራው እንዳያረጅብን።»

«መህሯስ? ለልጄ ምን ትሰጣታለህ?» አሉ ሀጂ።

ልጁ ዙሪያውን አየ። ያለችው ከምግቡ ጋር የተላከችለት ሳሙና ናት። ከኮቴ ጠርዝ ክር መዝዤ ሰጠሁት፤ በክሩ ቆርጦ አንዱን ቁራጭ በቀዳዳው ገፋው።

«የራሷን ሳሙና መልሶ ሰጣት! ይሄስ ጎበዝ ባል ይወጣዋል» አለ ሹፌሩ።

«ደረሰኝ፤ አማናዋን እኔ ዘንድ አቆያታለሁ» አሉ ሀጂ። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካከሉ። «ልጄን በዚህ መህር...» ሳል ያዛቸው። የቀረውን አልሰማሁም።

«ሀጂ፣ አልሰማሁም፤ ይድገሙት» አልኩ።

«ኧረ አባት፣ ሰማሁ ይበሉ! ሰው እየመጣ ነው» አለኝ ሹፌሩ። እውነቱን ነው፤ የቦቲ ጫማ ድምፅ በኮሪደሩ ይሰማል። ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ምን ዓይነት ምስክር ልሆን ነው?

«ይድገሙት» አልኩ።

«ልጄን በዚህ መህር ዳርኩህ» አሉ ሀጂ።

«ተቀብያለሁ» አለ ልጁ።

ከወዲያ «ሰማሁ» አለ የሳቸው ክፍል ምስክር። እኔም «ሰማሁ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። «ይሄ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው መሬት ላይ የተዘረጋው?» አለ ፖሊሱ።

«ሆዳቸውን አሟቸው ነው ጌታዬ፤ የናንተ ምሳ ነው» አለ ሹፌሩ። ለዚያች ንግግር ሁለት ጥፊ ቀመሰ። ፖሊሱ ሲወጣ «የሚዜ ነገር እንዲህ ነው» እያለ ጉንጩን ያሻል።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ በቀረችው ሳሙና ፊቱን ታጠበ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሊወስደው የመጣው ፖሊስ ስሙን ጠየቀው፣ ዕድሜውን ጠየቀው፣ ቀጥሎ «ያገባህ ነህ ያላገባህ?» አለው።

«ያገባሁ።»

«ስትገባ ያላገባሁ ነኝ አላልክም?»

«እዚህ ነው ያገባሁት።»

ፖሊሱ ሳቀ። «ያላገባ» አለ ጮክ ብሎ እየጻፈ። ልጁ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ሳይጮህ፣ ልክ ሰዓት ስንት ነው ለሚል ሰው እንደሚመልስ አድርጎ «ባለትዳር ነኝ» አለ። ወሰዱት።

በዚያው ሳምንት እስረኛ መጠየቅ ተከለከለ፤ ልጅቷም አልገባችም። የነሀጂንም ክፍል በተኑት። እኔ ስፈታ የሄድኩት እሷ ቤት ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ለቀው ሄደዋል ከማለት በቀር ጎረቤት የሚያውቀው የለም። ሀጂ ለልጃቸው ሳይነግሯት ሞተው እንደሆነስ? ልጁ የት እንደገባም የሚነግረኝ አላገኘሁም። ምናልባት እሷ ሚስት መሆኗን እንኳ አታውቅም።

አሁን አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ዘንድ ነው የምኖረው። በቅርቡ የልጅ ልጄ መሀል ከተማ ባለው የመንግሥት ቢሮ አገባች። እዚህም ሁለቱ በአካል ቀረቡ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ ከዚህ በፊት አግብታችኋል ወይ ተባሉ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ወደሚያጋቡበት ክፍል ገባን። አንድ ምስክር ይበቃል አሉ።

ጆሮዬ ደክሟል። የምታጋባቸው ሴትዮ ያናገረቻቸውን፣ እነሱም የመለሱትን አልያዝኩትም። «አባባ፣ ፊኒሽ ሆኗል፣ እዚህ ሳይን አድርግ» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አልሰማሁም። ይድገሙት በያት።»

«አባባ! ጀስት ሳይን አድርግ፣ ፕሊስ። ሰው ሰልፍ ላይ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። የልጅ ልጄ በሐፍረት ቀላች፤ ለሴትዮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ አየችኝና ጠጋ ብላ ደገመችው። ሁለቱም መለሱ፤ ቋንቋው ባይገባኝም ድምፃቸውን ሰማሁ። ከዚያ ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍኩ።

ለዚህኛው ጋብቻ ማንም አይፈልገኝም፤ ወረቀት አለው። ለእስር ቤቱ ኒካህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ በወዲያኛው ክፍል የነበረው ምስክርም በሕይወት ካለ። የሀጂ ልጅ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ የአባትሽንም የባልሽንም ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ እላታለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።