ቱርቦ ወይስ የራሱ ትንፋሽ

አባዬ ከቢታ ገነት ለመጣው ገዢ «ሞተሩ አይሸጥም» አለው። ሰውየው ሞተር ሳይክሉን ነድቶ ሊሄድ ሄልሜት ሳይቀር ይዞ ነው የመጣው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ጓዳ ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። እናቴ አየት አደረገችኝና «ሳህኑ ምን በደለሽ?» አለችኝ።

ሳህኑ ምንም አልበደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከዳገቱ ነው።

የምንኖረው ከቦንጋ ወጣ ብላ በደካ መንገድ ባለች መንደር ነው። አባዬ ከጫካ ማር ከሚያወርዱ ሰዎች ይገዛና በሁለት ባለ ክዳን ባልዲ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አስሮ፣ በሞተር ቦንጋ ወስዶ ይሸጣል። በሁለቱ ባልዲዎች መሀል የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ቦንጋ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ። ድልድዩን እንደተሻገርን አንድ ረጅም ዳገት አለ። ሞተሩ ይህን ዳገት መውጣት እየተሳነው መጣ። መጀመሪያ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣ ነበር። ከዚያ እኔ መውረድ ግድ ሆነብኝ። በኋላማ ወርጄም፣ ከኋላ ገፍቼም፣ ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ እየተፋ እምቢ አለ። ክፍል የምደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ነው። በፕላዝማ ነው የምንማረው፤ የቴሌቪዥን አስተማሪ ደግሞ «የት ቆየሽ» ብሎ አይጠይቅ፣ ያመለጠሽንም አይደግምልሽ።

አባዬ ተስፋ ቆረጠ። «ሸጬው በበቅሎ እጭናለሁ» አለ። በበቅሎ ማር ይደርሳል፣ ተማሪ ግን አይደርስም። ከተማ ቤት መከራየቱን ደግሞ እናቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን አትከርምም» ብላ አንድ ጊዜ ዘግታዋለች። ሞተሩ ተሸጠ ማለት አሥራ አንደኛ ክፍል እዚያው ቀረ ማለት ነበር። ገዢው ከቢታ ገነት ለቅዳሜ ተቀጠረ። ይህ ሲሆን ቀኑ ሰኞ ነው።

ማክሰኞ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ስለ ዳገት እሱ ፊት አይወራም።

«ይኼ ሞተር የጎደለው ቱርቦ ነው» አለ። «የኔ መኪና ዳገት ስትይዝ የምታፏጨው ምን ይመስላችኋል? አንድ የወለቀ አሮጌ ቱርቦ ጅማ አይቻለሁ፣ ላምጣላችሁ።»

ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቱርቦ። የሚያፏጭና ዳገት የሚያወጣ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው?

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አባዬ፣ አጎቴና እኔ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ወዳለው መካኒክ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይላቸዋል። አጎቴ ሐሳቡን ሲነግራቸው እጃቸውን ጠረጉ። እኔ አልቻልኩም፣ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ቱርቦ ግን ምን ያደርጋል?»

«ያንን ታያለሽ?» ብለው በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱኝ። የተጣመመ ብረት አግለው የሚያቃኑበት ከሰልና የፍየል ቆዳ ወናፍ አላቸው። «ወናፉ ከሰሉን ይነፋዋል። ቱርቦም ሞተሩን ይነፋዋል። ወናፉን የሚገፋው የኔ እጅ ነው፤ ቱርቦውን የሚያዞረው ግን የሞተሩ የራሱ ጭስ ነው። ልውጣ ሲል ይዘው ያሠሩታል።»

«ቱርቦ ከሌለስ?»

«ከሌለማ ራሱ ይተነፍሳል። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፣ እንደ አንቺ ደረት። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅልበትን ካርቡሬተር ሰፋ ያለ ልትሰጪው ትችያለሽ፣ ጭስ የሚያወጣበትን ማርሚታ ልትጠርጊለት ትችያለሽ። ትንፋሹ ግን የራሱ ነው።»

አጎቴ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዘመኑ ጥሎዎት ሄደ።»

«ሄዶ የት ደረሰ? የመኪና ቱርቦ ከዚህች ሞተር ጋር ብታስቀምጠው ማን ማንን እንደሚጭን አይለይም። ያላት አንድ ፒስተን ነው። ዝም ብለህ ብትነፋባት ደረቷን ትቀድደዋለህ።»

አባዬ ሁለቱንም አየና ወደ እኔ ዞረ። «ዳገቱን የምትገፊው አንቺ ነሽ። የምትማሪውም አንቺ ነሽ። ምረጪ።»

እንዲህ ያለ ነገር ምረጪ ተብዬ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና ልቤ ወደ ቱርቦው ሄዶ ነበር። የሚጣል ጭስ ተይዞ ሥራ መሥራቱ ደስ አለኝ። ግን ደረቷ ቢቀደድስ? «እስከ ዓርብ ላስብበት» አልኩ፤ ከቅዳሜ በፊት የመጨረሻው ቀን እሱ ነበር።

ሐሙስ የፕላዝማው አስተማሪ ስለ አየር ግፊት አስተማረ፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በደስታ ልነሳ ምንም አልቀረኝ፤ ሞተሩ ዳገቱ ላይ አየር አንሶት ነው፣ አገኘሁት ብዬ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አባዬ ይህን ዳገት ስንት ዓመት ወጥቶታል። ዳገቱ አልረዘመም፣ አየሩም ከአምና ዘንድሮ አልሳሳም። የተለወጠ ነገር ካለ ያለው ሞተሩ ላይ ነው።

ዓርብ ጋራዡ ስንደርስ ምርጫዬን ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ ጋሼ ወናፉን ያውሱን» አልኩ። «ሞተሩ አየር ይፈልግ እንደሆነ በእሱ እንንፋለትና እንየው።»

አጎቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በፍየል ቆዳ ልትነፊለት? ቀጥለሽ በሙክት አስጎትቺው።»

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ከጅማው ቱርቦህ የሷ ይረክሳል» አሉና ወናፉን አመጡት። ከዚያ የወናፉን አፍ የሚያስገቡበት ቦታ ለማግኘት የሞተሩን ጎን ከፍተው የአየር ፊልትሮውን አወጡ። ፊልትሮ ማለት ሞተሩ ከሚስበው አየር ላይ አቧራ የሚያስቀር ስፖንጅ ነው። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላም ነቅለው አዩት።

«ካንዴላው ጥቁር ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ነዳጅ በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል። ግን ፊልትሮው ይኸው፣ ንጹህ ነው። ባለፈውም አይቼው ንጹህ ነበር።»

እኔም አየሁት። ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል።

«ጋሼ፣ የኔ አንገትጌ በየቀኑ ይታጠባል፣ ማታ ግን ቡናማ ሆኖ ነው የምገባው። የምንመጣው በአንድ መንገድ ነው። ይኼ በምን ነጣ?»

ጋሼ ፊልትሮውን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። ከዚያ የሞተሩን ወንበር ፈቱ። ከወንበሩ ሥር አየሩ የሚገባበት አፍ አለ። አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ ዙሪያውን በገመድ ጥፍር ተደርጎ፣ ልክ የማር እንስራ እንደሚታሰረው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ጨርቅ ነው» አለ አባዬ።

«ጨርቅነቱንማ አየሁት።»

አባዬ አንገቱን አከከ። «ንብ እንዳትገባበት ነው። ማር ስጭን ይከተሉኛል። አንድ ጊዜ ገብታ ሞተሩ ጠፋብኝ። ማር ባለበት ክፍት አፍ አይተውም።»

ጋሼ ገመዱን ቆርጠው ጨርቁን ላጡት። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ። ከዚያም ሥር ሌላ። በየማር ወቅቱ አባዬ አሮጌውን ሳያነሳ አዲስ ይደርብበት ነበር፤ አቧራውና ማሩ ተጣብቀው እንደ ሰም አድርቀውታል። የመጨረሻው የጆንያ ቁራጭ ነው። የመሀከለኛው የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርሜ እጅጌ ነው፤ ጠፋ ተብሎ ተቆጥተውኝ ነበር። የላይኛውን አጎቴ በሁለት ጣቱ አነሳና ወደ ብርሃን ያዘው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጥለት አለው።

«ይኼ የእህቴ ነጠላ አይደል?»

«ለእሷ እንዳትነግራት» አለ አባዬ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አፉን አፍነህ ነው ዳገት ውጣ የምትለው? እኔንም አፍነኸኝ ብትጭነኝ እጠፋለሁ» አሉ ጋሼ።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ሌላ ነበር። በጉንፋን የተዘጋ አፍንጫ ሲከፈት እንዴት ነው? እንደዚያ። አባዬ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ አዳመጠ። እኔ ግን ወናፉን ሳልሞክር መሄድ አልሆነልኝም። ጋሼ የወናፉን አፍ ያዙልኝ፣ እኔ ገፋሁት። ሞተሩ አንዴ ደንገጥ አለ፣ ተንተባተበና ጠፋ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ነፋስ ብቻውን ጉልበት አይሆንም። አየር ስትጨምሪ ነዳጁም በልኩ መጨመር አለበት፣ ደረቱም ያንን የሚችል መሆን አለበት። ቱርቦ ክፉ አይደለም። ለሱ ተብሎ ለተሠራ ሞተር ነው።»

«እንግዲያው የራሱ ትንፋሽ» አልኩ። ምርጫዬ ያ ነበር፤ ጭሱን ማሠራቱ አሁንም ደስ ይለኛል ግን።

ጋሼ ማርሚታውን ጠረጉ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጥርሳም ቀለበትም ጥርሱ በዛ ባለ ቀየሩት፤ ሜዳ ላይ ትንሽ ቢያዘግምም ዳገት ላይ ይበረታል። የንቡ ነገር ግን አባዬን አላስተኛውም፤ ክፍት አፍ እያየ እንዴት ይሂድ። በመጨረሻ መፍትሔው ከራሱ ባልዲ ውስጥ ወጣ፤ ማር የሚያጠልበትን የሽቦ ወንፊት ቆርጠን አፉ ላይ አሰርንለት። ንብ አያሳልፍም፣ አየር ያሳልፋል።

ቅዳሜ በጠዋቱ፣ ገዢው ሳይደርስ፣ አባዬ ሁለቱን ባልዲዎችና እኔን ጭኖ ወደ ዳገቱ ወሰደን። ድልድዩን ስንሻገር ከልምድ የተነሳ ለመውረድ እግሬን አዘጋጀሁ። አባዬ ሳይዞር «ተቀመጪ» አለ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይጣደፍ፣ ጥቁር ጭስ ሳይተፋ ወጣ። ገፍቼ የማውቃቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ተቀምጬ አሳለፍኳቸው። አናቱ ላይ አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። የሚለውን ያለው እቤት ተመልሰን፣ ለቢታ ገነቱ ሰው ነው።

አጎቴ አሁንም «ቱርቦ ቢኖረው በሦስተኛ ይወጣ ነበር» ይላል። ይበል። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን እየፈለገች ነው።

ጋሼ ለጓደኞችሽ ንገሪ ያሉኝን እነሆ ለእናንተም ነገርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው አጠገብ የታመመ ሞተር ይፈታሉ። «ጥያቄ ያለው ይምጣ፤ መልስ ይዞ የሚመጣ ግን እቤቱ ይቀመጥ» ብለዋል። ሴቶችም ኑ፣ እኔ እዚያ ነኝ፤ ወናፉንም በተራ ትገፋላችሁ። አንዳንድ ጨርቅ ያዙ፤ ለእጃችሁ መጥረጊያ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።