የቡዜ የጥሪ ካርዶች

እትዬ አበበች ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀረቻቸው ተማሪ አንድ ናት፤ እሷም ልጅ ልትድር የደረሰች፣ አዳማ ገበያ የመቂ ሽንኩርት የምትቸረችረው ጎረቤታቸው ቡዜ። ቡዜን በሂሳብ የሚያታልላት ነጋዴ ገና አልተወለደም። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ መንከራተት ይጀምራል።

እትዬ አበበች ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ናቸውና ዕቅድ ሲያወጡ ማንንም አያማክሩም። በመጀመሪያው ቀን ግቡን ቆርጠው ሰጧት፤ እስከ ፋሲካ የፊደል ገበታው ተቆጥሮ ያልቃል። እውነትም አለቀ። ቡዜ ስንጥር ይዛ በየፊደሉ እየጠቆመች ሀ ሁ ሂን በዜማ ስታወርደው ግቢው ይደምቅ ነበር። መምህርቷም ላገኙት ሰው ሁሉ አወሩ።

አንድ ቀን ግን ከገበታው መሃል «ነ»ን ጠቆሙና ይቺ ማን ናት አሏት። የቡዜ ከንፈር በሹክሹክታ ከ«ሀ» ተነሳ፤ እየቆጠረች «ነ» ላይ ልትደርስ ነው። እትዬ አበበች ክው አሉ። ሴትየዋ ለካ የሸመደደችው ዜማውን ነው። ስንቱ ልጅ በእጃቸው እንዲህ አልፎ ይሆን ብለው ማሰብ ጀመሩና ተዉት፤ አንዳንድ ሐሳብ ለጡረተኛ ጤና አይሆንም።

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸውን ያን ዕለት ጠየቁ።

«ለመሆኑ ማንበብ ለምን ፈለግሽ?»

ቡዜ አቀረቀረች። ወንድ ልጇ ሲያገባ ካርድ ያደለችው እሷ ነበረች፤ የአንዱን ጎረቤት የሳሊህን ካርድ ለሌላው ጎረቤት ለራህመቶ ሰጠች። ራህመቶ ፖስታው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲያይ በትርፍ ካርድ የተጠራ መሰለውና ከሰርጉ ቀረ። ሰላምታው እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው። አሁን ደግሞ ሴት ልጇ ሶረቲ ልታገባ ነው፤ ልጆቿ እኛ እናድልልሽ እያሏት ነው።

«የልጄን ሰርግ እኔው በእጄ፣ ሳልሳሳት ልጥራ፣ እትዬ። ሌላ አልፈልግም።»

እትዬ አበበች ገበታውን ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። አዲሱ ግብ የጎረቤት ስም ሆነ፤ በሳምንት ሁለት ሰው፣ ከቅርቡ አጥር ጀምሮ። ቡዜ ሰዎቹን ታውቃቸዋለችና ስማቸውም ቀስ በቀስ ተለመዳት። ያስቸገሩት መምህርቷ ናቸው፤ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ቡዜ «ቢ...» ከማለቷ «ቢሊሴ» ብለው ይጨርሱላታል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ የሰው ልጅ ሲቆጡ የኖሩት እሳቸው።

ካርዱ የሚታደልበት ቀን ደረሰ። እትዬ አበበች ማንም ሳይጠራቸው ነጠላቸውን ደርበው ተከተሉ። ቡዜ የጀመረችው ከራህመቶ በር ነው። ሰውየው ወጥቶ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልቸኮለችም፤ አንዱን ካርድ መዘዘች፣ አየችው፣ መለሰችው፣ ሌላ መዘዘች። «ራ...» አለችና ቆመች። ራህመቶ የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ጠበቀ። ስሙ የእትዬ አበበች ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ እንዳያመልጣቸው የነጠላቸውን ጥለት ነከሱ።

«ራህመቶ» አለች ቡዜ። «ከነ... ከነቤተሰቡ።»

ራህመቶ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እንመጣለን፣ የሶረቲ እናት» አላት። «ማንም አይቀርም።»

ከበሩ ራቅ እንዳሉ እትዬ አበበች ቀጣዩን ስም ሊያዩላት እጃቸውን ሰደዱ። ቡዜ ካርዶቹን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«እርስዎ ቤትዎ ይግቡ፣ እትዬ፣ ፀሐዩ በርትቷል። የቀረውን እኔ አደርሰዋለሁ።»

እትዬ አበበች ባሉበት ቆመው አዩዋት። የሚቀጥለው በር ላይ ደርሳ ፖስታውን ወደ ዓይኗ አስጠግታለች፤ ወደ ኋላም አልዞረችም። ደስ ብሏቸዋል፣ ከፍቷቸዋልም። ከተማሪ አፍ ሊሰሙት ሲመኙ የኖሩት ይህንኑ ነበር፤ እንዲህ ሆድ እንደሚያስብስ ግን የነገራቸው አልነበረም። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ገቡ።