ሀበሻ የማይደርስበት ምግብ ቤት

ሐርጌሳን የማውቃት በሠራተኛነቴ ነው። ዳሚ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እያነጠፍኩ አራት ዓመት ኖሬባታለሁ። ባለፈው ዓመት እንግዳ ሆኜ ስመለስ ግን ትንሽ ጎረርኩ። መሃል ከተማ ሐውልት ላይ የተሰቀለውን የጦር አውሮፕላንም፣ የግመል ገበያውንም ማንም መንገደኛ ያያቸዋል፤ እኔ ሰው የማያውቀውን ቦታ ነው የምፈልገው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈለግኩት ሰው የማያውቀኝን ቦታ ነበር። የግመል ሥጋ አምሮኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ግመል ደግሞ ማንም ቢያርደው ነውር ነው። ሐርጌሳ ውስጥ ሥጋ ሁሉ የሙስሊም ስለሆነ፣ እኛ ሀበሾች ሽሮና ድንች እየበላን እርስ በርስ እንጠባበቃለን። አንዱ ቢቀምስ፣ አፉን ሳይጠርግ ወሬው አገር ቤት እናቱ ጋ ይደርሳል።

ያከራየችኝን ሴት ኤዶ እላት ነበር፤ ሶማሌዎች አክስትን የሚጠሩበት ቃል ነው። ጅግጅጋ ስትነግድ ስለኖረች አማርኛ ትችላለች። በመጀመሪያው ዒድ ሥጋ ያለበት ሩዝ ይዛልኝ መጣች። “ሃይማኖቴ አይፈቅድም ኤዶ” አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ ስቅለትን እንኳ ጾሜ የማላውቅ ሰው ነኝ። የፈራሁት የግቢውን ሀበሾች ዓይን ነው። እሷ ግን አመነችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋ ያልነካው ድስት ለየችልኝ። ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ወንድሟ “የግመል መረቅ ስጪው፣ ያነሳዋል” ቢላት፣ “የሰው ሃይማኖት አይነካም” ብላ ተቆጣችው። ገበያ ወርዳ ከበርበራ የመጣ ዓሣ ፈልጋ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። እኔ ደግሞ ሲሻለኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ጭር ያለ ቤት ገብቼ ግመል መብላት ሆነ።

በዚህኛው ጉዞ እንደደረስኩ ደወልኩላት። “ነገ ምሳ እኔ ጋ ነህ” አለችኝ። እሺ ብዬ ያን ቀን ለራሴ አደረግኩት። ባጃጅ ያዝኩና ሹፌሩን፣ ከአፌ ባልጠፋው ሶማሊኛ፣ የሆቴል ሰዎች የማያውቁት፣ ሀበሻም የማይደርስበት ምግብ ቤት እንዲወስደኝ ጠየቅኩት። እየሳቀ 31 ሜይ ወደሚባለው ሰፈር ነዳው።

ምግብ ቤቱ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ አንድ ግራር፣ ከሥሩ ረጅም አግዳሚ። ሄልና ቀረፋ የሚሸት ሩዝ መጣልኝ፤ ላዩ ላይ የግመሉ ሻኛ ጮማ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ። ሙዙን ከሩዙ ጋር እየጎረስኩ የግመል ወተት ስከልስበት፣ አራት ዓመት የኖርኩባት ከተማ ይህን ደብቃኝ ነበር እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ኮራሁም። አገር ያገኘሁ መሰለኝ።

የፈሩት ይደርሳል። ከማብሰያው ቤት መጋረጃ ጀርባ ኤዶ ትልቅ ትሪ ታቅፋ ወጣች። ቤቱ የእህቷ ኖሯል፤ ትሪውን ልትዋስ የመጣችው ለነገው የእኔ ምሳ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ነው። “ልጄ!” ብላ እየሳቀች መጣች። ቀጥሎ እጄን አየች፤ ጮማው እስከ አንጓዬ ወርዷል።

“ፍየል መስሎኝ ነው” አልኳት። ከዚህ የባሰ የሞኝ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

“ፍየሉንስ ማን አረደው?” አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። “ሀበሾች እንዳያዩኝ ፈርቼ ነው ኤዶ” አልኳት። “ያኔም እንደዚያው ነበር።”

አልጮኸችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የሻሿን ጫፍ አስተካከለች። “ወንድሜ ‘ይንቀናል፣ ምግባችን ለእሱ ቆሻሻ ነው’ ሲለኝ፣ ‘ውሸት ነው፣ አምላኩን ፈርቶ ነው’ አልኩት። ስንቴ ተጣላንብህ።” ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። “ሀበሻ ከፈራህ የእኔ ቤት በር አለው እኮ። ይዘጋል።”

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በር መኖሩን አላጣሁትም፤ ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም። የማላውቃት እህቷ የሠራችውን አስጨምሬ በልቻለሁ፤ አጥንት ለቅማ ያስታመመችኝን ሴት እጅ ግን ያን ሁሉ ዓመት መልሻለሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“እሺ፣ ለነገ ምን ልሥራልህ?” አለች።

በዳሚ ዘመናችን ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። “ግመል” ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። ልናገራት ስል ከግቢው በር የእግር ኮቴ ሰማሁና ሳላስበው ዞር ብዬ አየሁ። ጀሪካን የተሸከመ ሶማሌ ሰውዬ ነው። ወደ ኤዶ ስመለስ ማንን ፈርቼ እንደዞርኩ ገብቷታል። መልሴን ሳትጠብቅ ተነሳች።