አቶ ገብረሃና ያስከረሙት ጠጅ

አቶ ገብረሃና ሮም ውስጥ የሚጣለውን ጠጅ ሁሉ ይንቃሉ። «የሦስት ሳምንት ጠጅ? የማር ውሃ በሉት፤ ለሳል ይሆናል!» ይላሉ። ንቀቱን ያመጡት ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለው ወይን መሸጫ ነው። ለዓመታት እዚያ ካርቶን ሲሸከሙ ባለቤቱ ሲኞር ሲልቫኖ ማዴራ ከሚባል ደሴት ስለሚመጣ አሮጌ ወይን ያወሩላቸው ነበር።

ወሬው በእውነት ያስደንቃል! ሌላውን ወይን የሚገድለው ሙቀት ማዴራን ያሳድገዋል። በርሜሉን እስከ አፉ አይሞሉትም፤ ፀሐይ በሚያግለው ጣሪያ ሥር ወፍራም አግዳሚ ላይ ያጋድሙትና ለብዙ ዓመት ይተዉታል። ወይኑ በእንጨቱ አልፎ ቀስ በቀስ ይተናል፣ በጎደለው በኩል አየር ያገኘዋል፣ የቀረው እየጠቆረ ይጣፍጣል። እያደር ቀዝቀዝ ወዳለው ወለል ያወርዱታል። በቃው ሲሉ ደግሞ ከዚያ በላይ እንዳይተን ዳሚጃና ወደሚባል ሆደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይገለብጡታል። ጠርሙስ የሚገባው ከዚያ ነው።

የክርስትና ልጃቸው ሄራን ለመስከረም ሠርጓ ስትደግስ አቶ ገብረሃና «ጠጁ የእኔ ነው» አሉ። ሮም ያለውን የሐበሻ ሠርግ ጠጅ ሁሉ የሚጥሉት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተገረሙ።

«ጥለው ያውቃሉ እንዴ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ? ያንቺ ጠጅ እኮ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሚጠጣው!»

ከፋሲካ በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ ከሚባለው ጎዳና፣ ከሐበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝተው ጣሉ። አጥልለው ወደ ዳሚጃና ገለበጡት፤ አጉድለው፣ ክዳኑን አላልተው፣ በሐምሌ እንሽላሊት እንኳ ከሚሸሸው ከመኖሪያቸው ጣሪያ ሥር አስቀመጡት። ሄራን በነሐሴ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቀምሰውታል?»

«ይህ አይቀመስም፤ ይጠበቃል!»

የሠርጉ ዕለት ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው አዳራሽ ብርሌው ሁሉ ተሞልቶ ቀረበ። አቶ ገብረሃና ተነሥተው ስለ ጣሪያውና ስለ አግዳሚው ረጅም ንግግር አደረጉ። የመጀመሪያውን ጉንጭ የወሰዱት የሙሽራው አባት አቶ ፍረዝጊ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ገብረሃና ከደስታ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ።

«አቼቶ ነው» አሉ አቶ ፍረዝጊ፣ መናገር ሲችሉ። ኮምጣጤ ማለታቸው ነው።

«አሎራ፣ ኢንሳላታው ሎሚ ብቻ ነበረው፤ ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ብርሌያቸውን ሰላጣው ላይ እያንጠባጠቡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማዴራ በርሜል ከመግባቱ በፊት ከወይን የወጣ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል፤ ያን ሁሉ ሙቀትና አየር የሚያስችለው እሱ ነው። ጠጅ ያ ጋሻ የለውም፤ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይኮመጥጣል። ሲኞር ሲልቫኖ ይህን አስቀድመው ተናግረው ነበር። አቶ ገብረሃና ግን ወሬው ጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን ጆሮ ሰጥተው ሰምተው አያውቁም።

ሠርገኛው አራንቻታ በሚሉት የብርቱካን ለስላሳ ጽዋ አነሣ። አቶ ገብረሃና ብቻ ብርሌያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ገና ነው» አሉ። «አልደረሰም እንጂ አልተበላሸም።»

ሄራን የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ቀረበቻቸው። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን ጋሼ፣ ለልጄ ሠርግ ይደርሳል።»

እንግዳው እንደገና ሳቀ። አቶ ገብረሃና ግን ፌዙን እንደ አደራ ተቀበሉት። ብርሌ በብርሌ እየዞሩ የተረፈውን መልሰው ገለበጡና ዳሚጃናውን በትከሻቸው ተሸክመው የመኖሪያቸውን ደረጃ ወጡ። ዛሬም ጣሪያው ሥር ነው። እስካሁን አልቀመሱትም።