አስፋልቱ ላይ የተከፈተው ባሕር

ያን ቀን ጠዋት ደጄ ላይ ቁጭ ብየ ማሽላ እያበጠርሁ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ ማዶ ብቅ ማለቷ ነው። ማሽላው ጠጠር በዝቶበት ሰፌዱን ሳወዛውዝ ወገቤን ያመኝ ጀምሯል።

ይኸን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ያን ቀን ሳይነጋ ጠመኔዋን በፌስታል ይዛ ወጥታለች። የጎዳና በዓል አለ ተብሎ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን አስፋልት ለመኪና ዘግተውት፣ ልጆቹ ከዋዜማው ጀምረው በየቦታው ተንበርክከው መሬቱ ላይ ይሥላሉ። ስሪ ዲ ነው የሚባል ትላለች። መሬት ላይ ተሥሎ ሲያዩት ገደል ይመስላል፣ ግንብ ይመስላል። ምን እንደምትሥል ብጠይቃት «መጥተሽ ታይዋለሽ» አለችኝ። «እኔ ለጠመኔ ብየ ጉልበቴን አላደክምም» አልኋት። ይኸንንም ጻፊው፣ አትዝለይው።

የሷ አባት፣ ልጄ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ከወጣ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። መጨረሻ የደወለው ከባሕሩ ዳር ሁኖ ነው። «እማ፣ ዛሬ ጀልባ ላይ እንወጣለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጭጭ ነው። ታስሯል የሚል አለ፤ የመን አይተነዋል የሚል አለ። ሌላውን የሚል ደግሞ እኔ ፊት አይልም። እኔም ለቅሶ አልተቀመጥሁ፣ ሰደቃ አላወጣሁ። ሙቷል ሳይሉኝ እንዴት ላልቅስለት? አለስ ብየ እንዴት ልተኛ?

እና ከማሽላው ቀና ስል ሦስት ሰው በአጥሩ በር ገባ። አንዷ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ናት። አንዷ ከታች ያለችው ዓሣ ሻጭ ናት። ከፊት የሰፈራችን ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ ይመጣሉ። አንዳቸውም አይናገሩም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ከፊት ጎረቤት ከኋላ ሁኖ ይመጣል። እኒህ ሽማግሌ ስንት ደጅ ላይ እንዲያ እንደቆሙ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ከኋላቸው ሁኘ የሄድሁበት ቤት አለ።

«ተነሽ እስቲ» አሉኝ። «ልብስሽን ደርቢና ከኛ ጋር ነይ።»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። «ያ ረቢ! ልጄን!» ብየ ደረቴን መታሁት።

«ኧረ! ኧረ ተይ፣ ምን ሁነሽ ነው?» ብላ ጎረቤቴ ሮጣ ያዘችኝ።

«ንገሩኝ እንጂ! የት ቀበሩት?»

«ማንን ነው የሚቀብሩት? ግሸን ማርያምን፣ ሥዕል ነው! ልጅቷ ሥዕሌን ትይልኝ ብላ ነው የላከችን!»

ሽማግሌው ደንግጠው ዱላቸውን ጣሉ። «አላህ ይቅር ይበለን። አንድ ሰው ቢጠራት እምቢ ትላለች፣ ሦስት ሁናችሁ ጎትታችሁ አምጡልኝ ብላ እኮ ነው» አሉ።

ዓሣ ሻጯ «እኔማ ብየ ነበር» አለች። «እኒህን ሰውየ ይዘን አንሂድ፣ ፊታቸው መርዶ ነው ብየ ነበር!»

«ያንቺ ፊት ደግሞ የሰርግ ነው?» አሏት።

ሳቁ። እኔ ልብሴን ደረብሁ። ደግፈው ነው የወሰዱኝ።

አስፋልቱ በሰው ተሞልቷል። ሙዚቃ ይጮሃል፣ ልጆች ይራወጣሉ። የልጅ ልጄ ጉልበቷ ድረስ ሰማያዊ ሁና መሬት ላይ ተንበርክካለች። በጎን መጥቸ ሳየው ምንም አይመስልም፤ እንደተጎተተ ሊጥ የረዘመ ነገር ነው። «ይኸን ብለሽ ነው ነፍሴን ያወጣሻት?» አልኋት። እሷ ደጄ ላይ የሆነውን አላወቀች፣ እየሳቀች እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ሁለት የእግር ዱካ በጠመኔ ተሥሏል። «እዚህ ላይ ቁሚ እማ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኝ።»

ጨፈንሁ። መሬቱ ተከፈተ።

ሌላ ምን እላለሁ? አስፋልቱ ተቀዶ፣ ከሥሩ ጥልቅ ባሕር አለ። ባሕሩ ላይ ሰው የታጨቀበት ጀልባ። ከሰዎቹ መሀል አንዱ ብቻ ቀና ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ እኔ ያያል። ግንባሩ፣ የጆሮው አወጣጥ፣ ልጄ ነው። ልወድቅበት መሰለኝና የሽማግሌውን ክንድ ጨበጥሁ።

ይኸ ሳያንስ ጎረምሶች በየተራ ጠርዙ ላይ እየተኙ ፎቶ ይነሳሉ። «አውጡኝ! ሰመጥሁ! ኧረ አውጡኝ!» እያለ አንዱ እጁን ያወራጫል፤ ጓደኞቹ በሳቅ ይሞታሉ።

«ተነሥ ከዚያ!» ብየ ጮህሁበት። «ቤትህ ሂደህ ስመጥ!»

ልጁ ደንግጦ ተነሣ። «እማማ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለ።

ወደ ልጅቷ ዞርሁ። «ይኸ አባትሽ ነው?»

ጠመኔዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የሰማሽው ነገር አለ? እኔን ደብቀሽ የሰማሽው?»

«ወላሂ የለም፣ እማ።»

«ታዲያ ለምን ባሕር ውስጥ ከተትሽው?»

«አልከተትሁትም እኮ። ጀልባው ላይ ነው።» እንባዋ መጣ። «እኔ የማውቀው እዚያ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከየት አምጥቸ ልሣለው?»

እኔም የማውቀው እዚያ ድረስ ነው። ጠመኔ የነካውን እጇን ይዤ በዓሉ እስኪያልቅ እዚያው ቆምሁ። ሰው የልጄን ፊት ሊረግጥ ሲል «በዚያ በኩል ዙሩ» እላለሁ። ሽማግሌውም በዱላቸው እየጠቆሙ ሰው ያዞሩልኝ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት «ልጠበው?» አለችኝ። ተይው አልኋት። በውሃማ እንዴት ይታጠባል? የመጀመሪያው ባጃጅ ዓይኔ እያየ በላዩ አለፈ። ጎማው ሰማያዊ መስመር እየጎተተ እስከ መናኸሪያው ሄደ።

ቤት ስንገባ ጎረቤቴ ተከትላን ገባች። ደጄ ላይ የተደፋውን ማሽላ ዶሮ ጀምሮታል። እሽ ብላ አባረረችና ቁጭ ብላ ከአፈር ትለቅም ጀመር። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ኋላ ከማሽላው ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ከእንግዲህ ደጅሽ አንድ አንድ ሁነን ነው የምንመጣ፤ የመጣንበትንም ከአጥሩ ውጭ ሁነን እየተጣራን። ጨውም ቢሆን፣ እሳትም ቢሆን። ተሰብስበን ዝም ብለን ከመጣን ግን፣ እህቴ፣ ያን ጊዜ ሥዕል አይደለም።»