ከኩላሊቴ ጋር የሄደው ቫይረስ

"ቫይረሱ የመጣው ከአንተ ኩላሊት ጋር ነው" አሉኝ በስልክ።

የደወሉት የታላቅ እህቴ የዘነቡ ሐኪም ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ከአራት ወር በፊት አንዱን ኩላሊቴን ሰጥቻታለሁ። ሰሞኑን እዚህ ደብረ ታቦር ትኩሳት አልለቃት ስላለ ደሟ ወደ እሳቸው ተልኮ ተመርምሮ ነበር።

"እኔን እኮ አንድም ቀን አላመመኝም!" አልኳቸው።

"አንተማ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሸከመው ይህ ቫይረስ ሰውነትህ ውስጥ ተኝቶ ነው የኖረው። እሷ ግን ኩላሊቱን ሰውነቷ እንዳይገፋው የምትወስደው መድኃኒት መከላከያዋን ያዳክመዋል። ደግሞ የመከላከል አቅም በከፊል በዘር የሚወረስ ነው፤ የአንድ እናት ልጆችም እኩል አይወርሱም።"

(ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሳምንት ሙሉ የምተኛው ሰውዬ ጠንካራው ሆኜ አረፍኩት!)

"ትድናለች?"

"መድኃኒት አለው፤ ግን ዛሬውኑ ትጀምር።"

ግቢውን ስዞር ቆይቼ ዘነቡ ወደተኛችበት ክፍል ገባሁና "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ምን ነካህ አንተ? ባትሰጠኝ ኖሮ እስካሁን ተቀብሬ ነበር። ይልቅ ሂድና መድኃኒቱን ፈልግልኝ!"

የደብረ ታቦርን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ አዳረስኩ፤ የለም። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ አግኝቶ በሚኒባስ ላከልኝ። ሾፌሩ በስልክ "ወረታን አለፍኩ" እስኪለኝ መናኸሪያው ውስጥ መቆሚያ መቀመጫ አጥቼ ነበር።

አሁን የመጀመሪያውን ኪኒን ዓይኔ እያየ ዋጠች። በየደቂቃው ግንባሯን ስለምነካ "ኧረ ተወኝ!" እያለችኝ ነው።

ለዘመዳችሁ አካል የሰጣችሁ ወይም የተቀበላችሁ ካላችሁ፣ ይህን መጠበቅ እንዴት ቻላችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ መቀመጥ አቅቶኛል።